የጨርቅ ዳይፐር ያዋጣል፣ ግን ማን ያጥበዋል?

«ሰላም ጤና ይስጥልኝ። 7 ሳምንት የሆናት ሴት ልጅ አለችኝ። የመጀመሪያዬ ናት። ክርስትናዋም እየደረሰ ነው። የምንኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም 3ኛ ፎቅ ላይ ተከራይተን ነው። ውሃ በፈረቃ በሳምንት ሁለት ቀን ይመጣል። ከቤት ኪራይ ቀጥሎ ትልቁ ወጪያችን ዳይፐር ሆኗል። አማቴ ‹እኔ ስድስት ልጅ ያሳደግሁት በአሮጌ ነጠላ ነው› ይሉኛል። ባለቤቴም ሐሳቡን ወዶታል። ቴሌግራም ላይ የሚሸጡትን ባለ ቁልፍ የጨርቅ ዳይፐሮች አየሁና ዋጋቸው አስደነገጠኝ። ዱባይ ያለችው እህቴ ‹ልላክልሽ› ብላለች። እኔ ግን ፈራሁ። ልጄ ብትቆስልስ? ቤቱ ቢሸትስ? ክረምት በምን ይደርቃል? የወሊድ ፈቃዴም ሊያልቅ ነው። ምን ይመክሩኛል?»
ግራ የገባት እናት

እህቴ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ። ልጅሽንም ያሳድግልሽ።

መልሴን አስቀድሜ ልንገርሽ። አዎ፣ ጨርቅ ያዋጣል። ባለ ቁልፉን ስብስብ ግን አትግዢ። ከዳይፐርም በአንድ ጊዜ አትውጪ። ጨርቁ ራሱ ርካሽ ነው፣ በቀላሉም ይገኛል። የሚከብደው ውሃውና ጉልበቱ ነው። ስለዚህ አንድ ሜትር ጨርቅ እንኳ ከመግዛታችሁ በፊት ከባለቤትሽ ጋር ቁጭ በሉና ማን እንደሚያጥበው ወስኑ።

ባለቤትሽ ሐሳቡን እንደወደደው ጽፈሻል። ደስ ይላል። ብሩ የሚቆጠበው ግን በአንድ ሰው ወገብና ክንድ ነው። አንቺ ከወለድሽ ገና ሁለት ወር አልሞላሽም። ሌሊት ጡት ለመስጠት ትነሺያለሽ። ቀን እንግዳ ይመጣል። ማጠቡም አንቺው ላይ ከወደቀ በወሩ ትተዪዋለሽ፣ ማንም አይፈርድብሽም። የማውቃቸው እናቶች ጨርቅ የተዉት ጨርቁ አስቸግሯቸው አይደለም። ብቻቸውን ሲያጥቡ ደክሟቸው ነው። ስለዚህ እኔ እንዲህ እላለሁ፦ ማጠቡና መጭመቁ የባለቤትሽ ይሁን፤ ማስጣቱና ማጠፉ ያንቺ። በእጅ መጭመቅ ጠንካራ ክንድ ይፈልጋል። ሳፋውንም መሬት ላይ አታድርጉት፣ በርጩማ ላይ ይቀመጥ። ወገብን የሚጨርሰው ማጎንበሱ ነው። የቤት ሠራተኛ ካለቻችሁም ዝም ብላችሁ አትጫኑባት። ሥራ ተጨምሯል፣ ደመወዝም ይጨመር።

አሁን ሂሳቡን እንየው። በዚህ ዕድሜ ሕፃን በቀን ከ8 እስከ 10 ጊዜ ይቀየርለታል። ዝቅተኛውን እንያዝ። በቀን 8 ካልን በወር 240 ዳይፐር ነው። ቀን ቀን ጨርቅ፣ ሌሊት አንድ ዳይፐር ብትጠቀሚ በወር 30 ይበቃሻል። ከ240 ወደ 30! ለጉዞና ለእንግድነት አሥር ጨምሪበት፣ 40 ይሁን። የምትገዢውን የአንዱን ዳይፐር ዋጋ በ200 አባዢው። በየወሩ የሚቀርልሽ እሱ ነው። ከዚያ ላይ የሳሙናውን ቀንሺ። ውሃ በጀሪካን የምትገዙ ከሆነ እሱንም ቀንሺ። ብዙ ሰው ይህን ይረሳል። ውሃ በየሳምንቱ ከገዛችሁ ትርፉ በጣም ሊሳሳ ይችላል። ቁጥሩን ቀድመሽ ካላየሽው በኋላ ያናድድሻል።

ወደ ጨርቁ ልምጣ። የሚያስፈልግሽ ጥጥ ብቻ ነው። አቡጀዲ ጥሩ ነው። መርካቶ ስትሄጂ ሻጩ «ንጹሕ ጥጥ ነው» ቢልሽም ዝም ብለሽ አትመኚው። ከጠርዙ አንድ ክር አስመዝዢና ከሱቅ ወጣ ብለሽ በክብሪት አቃጥዪው። ጥጥ ከሆነ የተቃጠለ ወረቀት ይሸታል። አመዱን በጣትሽ ስታሺው ብን ይላል። ፖሊስተር ካለበት ይቀልጥና ጠጣር ፍሬ ሆኖ ይቀራል። እንዲህ ዓይነቱን ተዪው። ሽንት አይመጥም፣ ወደ ጎን ያፈስሳል።

ልኩ 70 በ70 ሳንቲ ሜትር ነው። 24 ፍሬ ይበቃሻል። የጨርቁ ስፋት 1 ሜትር ከ50 ከሆነ ጎን ለጎን ሁለት ሁለት ይወጣል። ስለዚህ ለ24ቱ 8 ሜትር ከ40 ያስፈልጋል። ጥጥ ሲታጠብ ስለሚሰበሰብ 9 ሜትር ግዢ። ከመቆረጡ በፊት በሙቅ ውሃ እጠቢው። ከዚያ ቁረጪና ጠርዙን ሰፈር ያለ ልብስ ሰፊ በኦቨርሎክ ይዝጋልሽ። አዲስ አቡጀዲ መጀመሪያ ላይ ውሃ እንደማይቀበል ስታዪ አትደንግጪ። ከፋብሪካ የሚመጣበት ማጠንከሪያና የጥጡ የራሱ ቅባት አለበት። ሦስት አራት ጊዜ በሙቅ ውሃና በሳሙና ሲታጠብ ይለቃል። ጠብታ ውሃ ጣል አድርጊበት። ወዲያው ከመጠጠው ደርሷል።

ወፍራሙን፣ ባለ ብዙ ድርቡን የጨርቅ ዳይፐር ለምን እንደማልወደው ልንገርሽ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ቤት ወፍራም ነገር ማጠብ መከራ ነው። ሳሙናው ከመሀሉ ቶሎ አይለቅም፤ በደመና ቀን ሁለት ቀን ሙሉ አይደርቅም። አንድ ንብርብር የሆነ ሰፊ ጨርቅ ግን ጥሩ ፀሐይ ካገኘ በሰዓታት ውስጥ ደርቆ ይገባል። ልጅቷ ስታድግም አጣጥፈሽ ታስተካክዪዋለሽ፣ ሌላ መጠን መግዛት የለም።

አማትሽ የሚሉት ነጠላም እውነት ነው። ብዙ ጊዜ የታጠበ ፈትል ለሕፃን ገላ እጅግ ለስላሳ ነው። ሳስቶ ከሆነ ሁለቱን ደርበሽ ስፊው። ጥለቱን ግን ቆርጠሽ አውጪ፣ ሻካራ ስለሆነ ጭኗን ይፈትጋታል። ሌላም አለ፣ እባክሽ ይህን በደንብ ያዢልኝ። ነጠላው ወይም ጋቢው ሳጥን ውስጥ ከናፍታሊን ጋር የተቀመጠ ከሆነ ለልጅሽ አታድርጊው። ያ ክብ ክብ ነጭ የብል መድኃኒት ማለቴ ነው። ሽታው ጨርቁ ውስጥ ይቀራል፣ በቆዳና በትንፋሽም ወደ ሕፃኑ ይገባል። በተፈጥሮ የደም ኢንዛይም እጥረት ያለባቸው ሕፃናት ላይ ቀይ የደም ሴሎችን ያፈርሳል። ዓይናቸውና ቆዳቸው ቢጫ ይሆናል፣ ለሕይወታቸውም ያሰጋል። ልጅሽ እጥረቱ ይኑራት አይኑራት በዓይን አይታወቅም። የልጅ ጨርቅ ከናፍታሊን ጋር አንድ ቁም ሣጥን ውስጥ አይግባ። ብርድ ልብሷም ቢሆን።

እህትሽ ከዱባይ «ልላክልሽ» ካለችሽ መሸፈኛውን ብቻ ጠይቂያት። ከላይ ውሃ የማያሳልፍ፣ ወገቡ ላይ ጠቅ ጠቅ በሚል ቁልፍ የሚጠብና የሚሰፋ፣ ውስጡ ባዶ የሆነ። አራት ወይም አምስት ይበቃሻል። ሻንጣ ውስጥ ቦታ አይይዝም። ውስጡ የሚገባውን ጨርቅ እዚሁ አዘጋጅተሻል። መሸፈኛው ሽንት ብቻ ከነካው በእርጥብ ጨርቅ ተጠርጎ፣ ትንሽ ተናፍሶ እንደገና ይደረጋል። ሰገራ ከነካው ብቻ ይታጠባል። እዚሁ የምትገዢ ከሆነም በጥቅል ሳይሆን በነጠላ የሚሸጡትን ፈልጊ። መጀመሪያ ሁለት ግዢና ልጅሽ ላይ ሞክሪ። የአንዳንዱ ላስቲክ ጭኗን ሊያጠብቅ ይችላል። አውልቀሽ ስታዪ ምልክቱ ወዲያው የማይጠፋ ከሆነ አንድ ቁልፍ አላሊው።

አስተጣጠፉን ቀለል እናድርገው። ጨርቁን ለሁለት እጠፊው፣ እንደገና ለሁለት። 35 በ35 የሆነ ካሬ ይወጣል። ያንን ለሦስት እጠፊው። ወርዱ 12 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ረጅም ምንጣፍ ይሆንልሻል። መሸፈኛው ውስጥ አንጥፊው፣ በቃ። መርፌ ቁልፍ አያስፈልግም። አሁን ትንሽ ስለሆነች ጫፉ ይተርፋል። የተረፈውን ወደ ውስጥ መልሺው። የልጅሽ ሽንት መሀል ላይና ወደ ኋላ ስለሚሄድ ውፍረቱ እዚያ ይሁን። ለወንድ ልጅ ቢሆን ወደ ፊት ነበር። ከላይ ከአሮጌ ፍሊስ (ለስላሳ፣ ፀጉራም ሰው ሠራሽ ጨርቅ) ብርድ ልብስ የተቆረጠ ቀጭን ቁራጭ ብታነጥፊ ደግሞ ትልቅ ዘዴ ነው። ፍሊስ እርጥበቱን ወደ ታች አሳልፎ ገላዋ ላይ ደረቅ ሆኖ ይቆያል።

ማጠቡ ላይ ትንሽ እንቆይ፣ አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። የቆሸሸውን ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈሽ አታሳድሪው። ይሸታል፣ ጨርቁንም ያበሰብሳል፤ ልጅ መዳህ ስትጀምር ደግሞ ውሃ ያለበት ባልዲ ትልቅ አደጋ ነው። ደረቅ ባልዲ ውስጥ ጣዪው፣ ክዳኑን ገርበብ አድርጊው። አየር ሲያገኝ ሽታው ይቀንሳል። ሰገራ ያለበትን ግን በዚያው ሰዓት በቀዝቃዛ ውሃ አለቅልቂው። ሙቅ ውሃ ቀድሞ ከነካው ቢጫው ምልክት ይጣበቃል። አሁን ጡት ብቻ ስለምትጠባ ሰገራዋ በውሃ ይሟሟል። በ6 ወሯ ምግብ ስትጀምር ግን መጀመሪያ ሽንት ቤት ውስጥ ማራገፍ አለባችሁ።

የሦስት ቀን ክምር፣ ማለትም 20 ያህል ጨርቅ፣ በእጅ ሲታጠብ በሦስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ ይወጣል። መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ ያለ ሳሙና አለቅልቁት፣ ሽንቱ ይውጣ። ያንን ውሃ አትድፉት፣ ሽንት ቤት መድፊያ ይሆናል። ቀጥሎ እጅ በሚችለው ሙቅ ውሃና በዱቄት ሳሙና በደንብ እሹት። ሳሙና አትሰስቱ። «ለሕፃን ይጎዳል» ብለው ቆንጥረው የሚጨምሩ አሉ። የሚጎዳው አጥርቶ አለመለቅለቁ ነው። ስለዚህ አረፋ እስኪጠፋ ደጋግማችሁ አለቅልቁ። የመጨረሻው ማለቅለቂያ ውሃ ንጹሕ ስለሆነ በባልዲ አስቀምጡት፣ በማግስቱ ሰገራ ለማለቅለቅ ይሆናል።

ውሃ በሚመጣበት ቀን ትልቁን ዙር አጥቡ። በሁለቱ ፈረቃ መሀል ከሦስት ቀን በላይ የሚቆይ ከሆነ ግን ክምሩን አታቆዩት። ለዚያ ቀን ሦስት ጀሪካን ለብቻው ይቀመጥ። ምግብ በሚሠራበት፣ ጡጦ በሚታጠብበት ሲንክ ውስጥ አይታጠብ። ስትጨርሱ እጅ በሳሙና። የሕፃን ሰገራ «ምንም አይልም» የሚባለው ልክ አይደለም፣ እሱም በሽታ ያስተላልፋል።

በረኪና የምትወዱ ብዙ ናችሁ። ለልጅ ጨርቅ ዘወትር አያስፈልግም፣ ጥጡንም ይበላዋል። በተለይ ሽንት ያለበት ጨርቅ ላይ በረኪና አትድፊ። ሽንት ውስጥ ያለው አሞንያ ከበረኪና ጋር ሲገናኝ ሳንባ የሚጎዳ ጋዝ ይወጣል። ለነጭነት ፀሐይ ትበልጣለች። ቢጫ የቀረበትን ጨርቅ እርጥብ እንደሆነ ፀሐይ ላይ አስጪው። ማለስለሻ ፈሳሽም ይቅር። ጨርቁን በቅባት ይሸፍነውና መምጠጥ ያቆማል።

ስለ ሽታ ፈርተሻል። ጨርቁ ሲፈታ ዓይን የሚያቃጥል የአሞንያ ሽታ ከመጣ ጨርቁ በደንብ አልጠራም ማለት ነው። ጥጡን ብቻ በትልቅ ድስት ውሃ አሥር ደቂቃ አፍዪውና እንደገና አለቅልቂው። ድስቱ ለዚህ ብቻ የሚሆን ይሁን። መሸፈኛውን ግን እንዳታፈዪ፣ ላስቲኩና ውሃ የማያሳልፈው ሽፋን ይበላሻል።

ቂጧ ይቆስላል ወይ? በጨርቅም በዳይፐርም ይቆስላል፣ ካልተቀየረ። ጨርቅ እርጥበቱን ውጦ አይደብቅም። ስለዚህ ቀን ቀን በየሁለት ሰዓት ተኩሉ ዳሰስ አድርጊው። ሰገራ ሲሆን ወዲያው። ስትቀይሪ በንጹሕ ውሃ አጥበሽ፣ አድርቀሽ፣ ትንሽ ጊዜ ራቁቷን ተዪያት። ፓውደር አትንፊባት፣ ብናኙ ሳንባዋ ይገባል። ቫዝሊን ወይም ዚንክ ያለው ቅባት ካደረግሽ ያቺን የፍሊስ ቁራጭ መሀል አድርጊ፣ አለበለዚያ ቅባቱ ጥጡን ይዘጋዋል። ቅላቱ በሁለት ሦስት ቀን ካልቀነሰ፣ ወይም እጥፋቷ ውስጥ ገብቶ ደማቅ ቀይ ከሆነና ዙሪያውን ነጠብጣብ ካወጣ፣ ፈንገስ ሊሆን ስለሚችል ጤና ጣቢያ ውሰጃት። የራሱ ቅባት አለው። ትኩሳት ካላት ወይም ውሃ የቋጠረ ነገር ካየሽ በዚያው ቀን ሂጂ።

ክረምት እውነተኛ ችግር ነው፣ አልዋሽሽም። ሐምሌና ነሐሴ ላይ በረንዳሽ ፀሐይ ላያይ ይችላል። ለእነዚያ ወራት ስድስት ትርፍ ጨርቅ ያዢ። ከነጠላው ይወጣል። ቤት ውስጥ ገመድ ዘርግተሽ ነፋስ በሚያገኝበት መስኮት አጠገብ አራርቀሽ አስጪው። ሲቀረው ካውያ ይጨርሰዋል። መብራት ከጠፋና ዝናቡ ካላቆመ ደግሞ ለሁለት ሦስት ቀን ወደ ዳይፐር ተመለሺ። ያልደረቀ ጨርቅ አስሮ ልጅ ከማቁሰል ይሻላል። በነገራችን ላይ፣ ሞቅ ባለና እርጥብ አገር ቤተ ዘመድ ጋ ስትሄጂ ጨርቁን መሬት ላይ ወይም ሣር ላይ አታስጪ። እርጥብ ጨርቅ ላይ እንቁላል የሚጥል ዝንብ አለ፣ ከእንቁላሉ የሚፈለፈለው ትል ቆዳ ውስጥ ይገባል። እዚያ ሁሌም በካውያ ይተኮስ። ስፌቱም ሳይቀር።

ለ80 ቀን ክርስትናዋ ዳይፐር አድርጊላት። ቀኑ ረጅም ነው፣ ብዙ ሰው ያቅፋታል። ያን ቀን ስለ ጨርቅ ማሰብ የለብሽም።

አማትሽን በተመለከተ፣ ስድስት ልጅ ያሳደጉ ሴት ናቸው፣ ጠይቂያቸው። አጨማመቃቸውን፣ አስተጣጠፋቸውን አሳዩን በያቸው። ደስ ይላቸዋል፣ አንቺም ትማሪያለሽ። አንድ ነገር ብቻ በአክብሮት እምቢ በይ። እግሯን ዘርግቶ አጥብቆ መጠቅለልን። የሕፃን ዳሌ እንዲጠነክር እግሮቿ እንደልባቸው ታጥፈው መከፈት አለባቸው። «ሐኪሙ ነው ያለው» ብትያቸው ይቀበሉሻል።

የቀረው ሥራሽ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ከወሊድ በኋላ ያለው ፈቃድ 90 ቀን ነው። 7 ሳምንት 49 ቀን ስለሆነ 41 ቀን ይቀርሻል። ሥራ በምትገቢበት ሳምንት አትጀምሪው፣ አሁን ጀምሪ። በዚህ ሳምንት በቀን ሁለት ጨርቅ ብቻ ሞክሪ፣ ቤት በምትውዪበት ሰዓት። አቡጀዲው እስኪገዛ በአሮጌ የጥጥ ፎጣና ቲሸርት ቁራጭ መጀመር ይቻላል። ሁለት ሳምንት ሞክራችሁ ማጠቡ ለሁለታችሁም ከተቻለ ያኔ 9 ሜትሩን ግዙ።

ሥራ ስትመለሺ ልጅቷን የሚይዙት አማትሽም ይሁኑ ሞግዚት፣ ማጠፍና መገጣጠም አትተዪባቸው። ማታ ማታ መሸፈኛዎቹን ከነጨርቃቸው አሰናድተሽ ቅርጫት ውስጥ ደርድሪ። ልክ እንደ ዳይፐር አንስተው ያስሩታል። መሸፈኛ ካለቀ ወይም ልጅቷ ካስቸገረቻቸው የሚያደርጉላት አምስት ስድስት ዳይፐር እዚያው ቅርጫት ጎን ይቀመጥ። የቆሸሸውን ባልዲ ውስጥ ጥለው ይተዉት። ማታ ባለቤትሽ ያገኘዋል።